ከታች ያለችው አረንጓዴ ነጥብ

ማርኒ ቶለፍሰን ቢሮዬ ስትመጣ የጎማ ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ነበር የምትገባው። «እበት ነው፤ ምንጣፉን አላበላሽብዎትም» ትለኛለች። በዚህች የሰሜን ሚኒሶታ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ ኮሌጅ ሳማክር ፀጉሬ ሸብቷል። ይሄ ይበቃሻል፣ ያኛው ይጠብብሻል እያልኩ እንደ ልብስ ሰፊ ስለካ እውላለሁ። ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። ማርኒ ግን ተከራከረችኝ።

የፈለገችው ካርዶ ኮሌጅን ነው። ካርዶ ካመለከቱት አብዛኞቹን ይመልሳል፤ በሥነ ምድር ትምህርት ግን ስሙ የተጠራ ነው። ማርኒ በየጸደዩ ከአባቷ ማሳ ድንጋይ ስትለቅም ያደገች ልጅ ናት። ዘንድሮ ተለቅሞ ለከርሞ ደግሞ ብቅ የሚለው ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ትፈልጋለች።

«ውጤትሽን አይተሽዋል?» አልኳት። አሥረኛ ክፍል ላይ ሲ በሲ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።»

«የኛ ላሞች እንኳ መሬት ላይ ናቸው ሚስስ ሃልቮርሰን። አሁን አልቤያቸው ነው የመጣሁት።»

ሳቄ መጣ። ቢሆንም ሰው በባዶ ተስፋ መደለል አልወድም፤ ኮምፒውተሩን አዞርኩላት። ከትምህርት ቤታችን ለካርዶ ያመለከቱት ሁሉ ስማቸው ሳይጠቀስ እዚያ ላይ አሉ። የገባው አረንጓዴ ነጥብ፣ የቀረው ቀይ ኤክስ ነው፤ ውጤቱ ከፍ ያለው ከላይ፣ ዝቅ ያለው ከታች። የማርኒ ውጤት የሚያርፍበት ሰፈር ቀይ በቀይ ሆኗል። ከታች በኩል ግን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች።

«ይኸው! ከኔ ያነሰ ሰው ገብቷል!» ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለችው።

የማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን መናገር አይፈቀድልኝም። ማርኒ በዚያች ነጥብ ተስፋ መስከረሙን ገፋችው። አንድ ቅዳሜ የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ላይ፣ ካርዶ የሚማረው ዌድ ካንጋስ ለእረፍት መጥቶ ኖሮ እንዴት እንደገባ ራሱ እየሳቀ አወራ።

ሰኞ ቦቲዋን ሳታወልቅ ገባች። «ነጥቧ ዌድ ናት! ለሆኪ ቡድናቸው በረኛ ጠፍቶባቸው ነው የወሰዱት! አሠልጣኙ ነው ጎትቶ ያስገባው!»

«አዎ፣ ልጄ።»

በቃ፣ ተስፋ ቆረጠች ብዬ መሃረብ ፍለጋ መሳቢያዬን ከፈትኩ።

«እኔ በረዶ ላይ መቆም እንኳ አልችልም» አለች። «ታዲያ እነዚያን ሲዎች ምን እናድርጋቸው?»

የአሥረኛ ክፍሉ ነገር ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው። እናቷ ኮሪን በዚያ ዓመት ካንሰር ይዟት ነበር፤ ላሞቹን ጠዋትና ማታ የምታልበው ማርኒ ነበረች። «ማመልከቻው ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ፤ ጻፊው» አልኳት።

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እናቴን አልሸጥም!»

የኛ ሰው እንዲህ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ እንዴት ነህ ብትሉት «ምንም አይልም» ይላል። ኩራታችን ስንቱን ልጅ እንዳስቀረብኝ ሳስበው ያናድደኛል። ስለዚህ የክፍል ጓደኛዬ ለነበረችው ለኮሪን ደወልኩ። በማግስቱ መጥታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ካንሰሩ የማን ነበር?» አለቻት።

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ፈቃዱም የኔ ነው። ሙሾ ሳትጨምሪ የሆነውን ጻፊ። አንቺ ባትኖሪ ከሆስፒታል ስወጣ የምገባበት እርሻ አይኖረኝም ነበር። የምታፍሪው በዚህ ነው?»

ማርኒ አለቀሰች። መሃረቡ ተረፈ ስል ለሦስታችንም አልበቃ አለ።

የጻፈችው አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከገና በፊት ካርዶ እሺም እምቢም ሳይል እስከ ጸደይ ጠብቂ አላት። «አላባረሩኝም» ብላ ትምህርት ቤቱ ያለውን ከባዱን ሒሳብ ያዘች። ላም እያለበች ቀመር ስታነበንብ አባቷ ሰምቷታል። ኤ አምጥታ ውጤቱን ላከችላቸው። እኔ እድሉ አሁንም ጠባብ ነው ብዬ ሌሎች ሁለት ኮሌጆች አስጨመርኳት፤ ሳታኮርፍ ሞላች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን በካልሲዋ ገባች። ስልኳን አዞረችልኝ፤ የካርዶ መልስ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ጮህኩ፤ ጸሐፊዋ ሰው የወደቀ መስሏት እየሮጠች መጣች።

በዓመቱ አንድ ሲ የበዛበት ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ስክሪን አየ።

«ከታች ሁለት አረንጓዴ አለ!» አለ። «አንዷ ዌድ ናት፤ እሱንማ ማን የማያውቅ አለ። ሁለተኛዋስ?»

ስም መናገር አይፈቀድልኝም።

«እሷ በረኛ አይደለችም» አልኩት።