ማንም ያልሞተበት መርዶ

ወደ አሜሪካ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ከፍታ ካሜራዬን አወጣችና በቦታው በርበሬ አስገባች። «ካሜራ እዚያ ሞልቷል፤ በርበሬ ማን ይሰጥሃል?» አለች። ስንት ዓመት የቴሌቪዥን ድራማ ያዘጋጀሁት ሰውዬ ካሜራዬን እንደ ሌባ በጃኬቴ ሸሽጌ ወጣሁ። በር ላይ ስታቅፈኝ ደግሞ «ክፉ ነገር ቢመጣ ሰው አልክብህም፤ ራሴ ነኝ የምነግርህ» ብላ ቃል ገባችልኝ። የራሷን መርዶ ማን እንደሚነግረኝ አላሰበችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ዳላስ ላይ ያ ሁሉ ድራማዬ ከቁጥር አልገባም። አጠገቧ ባለችው ፎርት ዎርዝ ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ጫንኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ሠርግ ቀረጽኩ፤ ኋላም ሊንዳ የምትባል ፕሮዲውሰር ዘንድ የካሜራና የመብራት ገመድ ጠቅላይ ሆንኩ። አራት ዓመት ጠቀለልኩ። ስለ ስደተኞች ተከታታይ ፊልም ስትጀምር ለመንኳት፤ ደጋግሜ ለመንኳት። በመጨረሻ «አንዱን ክፍል ዳይሬክት አድርግ። ያለህ አንድ ቀን ነው። ከተሳካ ትቀጥላለህ፤ ካልተሳካ ወደ ገመድህ» አለችኝ።

የመርዶ ታሪክ መረጥኩ፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው በር ሲያንኳኩ። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር የምኖርበት አፓርትመንት ለመቅረጽ ግን የኪራይ ቢሮዋን ሴትዮ ማስፈቀድ ነበረብኝ።

«ስንት ሰው ይመጣል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ፓርቲ ነው?»

«ለቅሶ ነው።»

«አዝናለሁ። ማን ሞተብህ?»

«ማንም። ለቴሌቪዥን ነው።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ድምፁን ቀንሱት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ስለ ድምፅ የሚናገረውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝና አስፈረመችኝ።

የዳላስ የበጋ ፀሐይ እንደኛዋ ቀስ ብላ አትሞቅም፤ ገና ስትወጣ ትቆጣለች። ተዋናዮቼ የኤርፖርትና የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ሽማግሌው አቶ ግዛው ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ሆነው ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ካሜራው መቅረጽ እንደጀመረ ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ሥራ ሊገቡ ሲወጡ። ወንድማቸው ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬ፣ ለእሳቸው ሳልነግር ቀርቻለሁ!

ቁልቁል አዩን። ቁልፋቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድሜ! ወይኔ ወንድሜ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«እትዬ፣ ድራማ ነው! ማንም አልሞተም!» ብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

«ሁሌም እንዲህ ነው የምትሉት! ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እያላችሁ ነው የምታረዱት!»

«ካሜራውን ይዩት!»

«ጭራሽ ለቅሶዬን ልትቀርጸው?»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ይዋሻል። ስልካቸውን ተቀብዬ ደሴ ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሣም። ደገምኩት፤ አልተነሣም። አቶ ግዛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሦስተኛው ወንድምየው «ሃሎ፣ ዘነብዬ? ምነው በሥራ ሰዓት? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ።

እትዬ ዘነቡ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። «አንተ ልብ አውልቅ፣ ስልክ አታነሣም?» ብለው ጮኹበት። ሁላችንም እየሳቅን አለቀስን።

ከካሜራው ኋላ ሆና ስታይ የነበረችው ሊንዳ እንባዋን እየጠረገች መጣች። «ሴትዮዋ ድንቅ ናት! ሁሉም ተቀርጿል። የፈቃድ ፎርሙን አስፈርማት።»

«አላስፈርምም። ይጥፋ።»

«ዳይሬክተር መሆን ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም?»

«ከምንም በላይ እፈልጋለሁ። እንደገና እቀርጸዋለሁ።»

ጀግና አትበሉኝ። ደረጃውን ስሮጥ እንኳ እትዬን ከካሜራው እንዳልጋርድ ወደ ግራ ተጠግቼ ነበር የሮጥኩት። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በራሴ አፈርኩ። ሊንዳ ትኩር ብላ አየችኝና ለካሜራማኑ ራሷን ነቀነቀች። የተቀረጸውን ሲያጠፋው ቆሜ አየሁ።

እስከ ቀትር ደጋግመን ቀረጽን። የእትዬ ዘነቡን ለቅሶ አያክልም፤ ግን ማንንም ሳልሰርቅ የሠራሁት ነው። ሊንዳ «ሰኞ እደውላለሁ» ብላ ሄደች። ካልደወለች እኔ እደውላለሁ። ባሕር የተሻገርኩት ገመድ ለመጠቅለል አይደለም።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለእናቴ ደወልኩ። በሥራ ቀን ስለማልደውል ሃሎ ሳልላት «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ደህና ነህ ግን? እውነቱን ንገረኝ።»

«ደህና ነኝ።»

«በርበሬውስ? አለቀ?»

ካለቀ ስንት ዓመቱ።

«ገና አለ፣ እማዬ» አልኳት።