ሬዲዮ ያልጠራው የግራ ክንፍ

የክለባችንን ስም አልጽፍም። የእኛ ደጋፊ ሳልነግረው ያውቀዋል፤ የተቀናቃኛችን ደጋፊ ደግሞ ስሙን ካየ ማንበቡን ይተዋል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አስራ አንድ ነን፤ አስር ወንዶችና እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ሌክ ስትሪት ላይ ካለች አንዲት ምግብ ቤት የጀርባ ክፍል እንሰበሰባለን። የምንመጣው የአውሮፓ ጨዋታ ለማየት ነው ይባላል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ለብቻው ይጮሃል። የእኛ ወሬ ሁልጊዜ ስለ ድሮው ክለባችን ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ ዳኛው ማንን ዘረፈ።

ዘንድሮ ለሰመሩ፣ በአሜሪካ በጋ ለሚደረገው የሐበሻ የኳስ ውድድር፣ ደጋፊ ከየስቴቱ ሲሰባሰብ የምንለብሰው ቲሸርት ለማሠራት ተስማማን። ከጀርባው የክለባችን የምንጊዜም ምርጥ አስራ አንድ ተጫዋቾች ስም እንዲታተም ተወሰነ። በረኛው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ተከላካዮቹን በአንድ ጠዋት ጨረስን። አማካዮቹ ላይ አንዱ አኩርፎ ወጣ፣ መኪናው ውስጥ ትንሽ ተቀመጠና ብርዱ ሲጠናበት ተመለሰ። የግራ ክንፉ ግን አራት ቅዳሜ በላ።

ከቅርብ ዘመን ሁለት ልጆች ተነሱና ወደቁ፤ አንዱ ኳስ አያቀብልም ተባለ፣ ሌላው ቀኝ እግሩን ይወዳል ተባለ። በመጨረሻ ወንዶቹ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ረጉ። ባቡሩ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የዚያን ጊዜ የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ነው፤ ኳስ በያዘ ቁጥር ‘ባቡሩ ተነሳ’ ይል ነበር። ባቡሩ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ይህን አልክድም። የምንጊዜም ምርጥ ያሰኘው ግን በዋንጫው ፍጻሜ፣ በሁለተኛው አጋማሽ፣ ሁለት ሰው አልፎ ከጠባብ ቦታ በግራ እግሩ ያገባት ጎል ናት። እነሱም የሚከራከሩት በዚያች ጎል ነው።

ያቺን ጎል ባቡሩ አላገባትም። ያገባት ልብስ ሰፊው ነው።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውምና ስታዲየም የሚወስደው እኔን ነበር፤ ሰው ‘ሴት ልጅ ይዘህ?’ ሲለው ‘ዓይን አላት’ ይል ነበር። የምንቀመጠው ፀሐይ በሚመታው ወገን፣ ከጥላ ፎቅ ትይዩ ነው። የሬዲዮው ሰው የሚቀመጠው ደግሞ ጥላ ፎቅ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛ የግራ ክንፍ በእሱ በኩል ስለሚሮጥ ባቡሩን ከአፍንጫው ሥር ያየዋል። በእረፍት ሰዓት ባቡሩ ቁርጭምጭሚቱን ታሞ ቀረ። በእሱ ቦታ በሳምንቱ ውስጥ መርካቶ ልብስ የሚሰፋ፣ እሑድ እሑድ ተቀያሪ ሆኖ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ሰው ገባ። ቡድኖቹ ሜዳ ሲቀያየሩ የግራ ክንፉ ወደ እኛ በኩል መጣ። ዝናቡም ያን ጊዜ ጀመረ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የሁሉም ጀርባ ጭቃ ሆኖ ቁጥር የሚባል ነገር አይታይም ነበር። የሬዲዮው ሰው ከሜዳው ማዶ አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው በግራ በኩል ሲሮጥ አየና ‘ባቡሩ ተነሳ’ አለ። አገሩም ያንን ሰማ።

ያን ጊዜ ተጫዋች ሲቀየር የቁጥር ሰሌዳ የሚያነሳ አልነበረም። በማግስቱ ጋዜጣው ሬዲዮውን ገለበጠ። ባቡሩም አላስተባበለም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር?

መስከረም ሲጠባ አባቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያሰፋልኝ ልብስ ሰፊው ሱቅ ወሰደኝ። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ሲለካ አባቴ፣ “ያቺን ጎል እኔና ልጄ አይተናል” አለው። ልብስ ሰፊው መለካቱን አላቆመም። “እናንተ አይታችኋል። ሬዲዮው ግን አላየኝም” አለ። ከጎኑ የሚሰፉት ሰዎች ሳቁ። እሱ ነው ያገባው ብለው አያምኑትም ነበር፤ ሬዲዮ ይዋሻል እንዴ እያሉ ያሾፉበት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ አልጠራውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ስፌቱ ላይ እያለ ማረፉን ሰማሁ። ስሙ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ቲሸርት ትንሽ ነገር ናት፤ አውቃለሁ። ግን ከቲሸርት ሌላ ማን ይጽፍለታል?

እንግዲህ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ይህን ተናገርኩ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሳቁብኝ። ሊቀመንበራችን አውቶብስ የሚነዳ፣ ድምፁ ወፍራም፣ በክርክር መሃል ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። ያንን ፍጻሜ ጥላ ፎቅ ሆኖ እንዳየ ዓመታት ሙሉ ሲነግረን ኖሯል።

“እህቴ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንቺ ልትነግሪኝ ነው?” አለኝ። “በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ስታዲየም ትገባ ነበር እንዴ?”

ደሜ ፈላ። እኔ ፍሪድሊ ውስጥ፣ በደም ሥር አልፎ ልብ ድረስ የሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ኢንስፔክተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ የፀጉር ያህል ጭረት እፈልጋለሁ። ‘ይሄ አይሆንም’ ካልኩ ሥራው በሙሉ ይቆማል፣ ኢንጂነሮቹ ከፎቅ ወርደው ምን እንዳየሁ ይጠይቁኛል። ሌክ ስትሪት ስደርስ ግን ዓይኔ አይቆጠርም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚታመን ዓይን ቅዳሜ ምን ሆኖ ይሰንፋል?

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ ልትወስደኝ መጣች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ብቆጣም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። መኪና ውስጥ ስለ ጎሏ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ሊቀመንበሩ እየተንጨረጨርኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ታገሰችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከእነዚያ አስር ሰዎች ስንቱ እዚያ ነበር አለችኝ። ከሊቀመንበሩ በቀር የአንዳቸውንም አላውቅም ነበር። እንዲህ ለዓመታት ስንጨቃጨቅ አንድም ቀን የት ሆናችሁ አያችሁ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁሉም እንዳየ ሰው ነው የሚናገረው። ጎሏን ተነስተው በእግራቸው ያሳያሉ፣ ወንበር ይገፋሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ሰው አምስት ሆኖ ከተቀመጠ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመርጣል፤ ቃለ ጉባኤም ይይዛል። እኛም ጥቁር ደብተር አለን። ድሮ አንድ ውሳኔ ላይ ‘እኔ እንዲህ አላልኩም’ የሚል ጠብ ተነስቶ ልንበተን ደርሰን ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነገር ተጽፎ ሁሉም ሳይፈርምበት አይጸናም። የተቃወመም ሰው ተቃውሞውን ጽፎ ይፈርማል። ለዚህ ደብተር የምንሰጠውን ክብር ለባንክ ወረቀት አንሰጥም።

በአራተኛው ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። “ዛሬ ዲሳይድ እናድርግ። ኦርደሩን እስከ ሰኞ ካላደረግን ለሰመሩ አይደርስም ተብለናል። እጅ እናውጣና እንፈርም” አለ።

“ከመፈረማችን በፊት ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይሰመርልኝ” አልኩ። “ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን፣ ያንን ፍጻሜ የት ሆኖ እንዳየው ይጻፍ።”

ሳቁ። ጸሐፊያችን ነርስ ነው፤ ነገር በሥርዓት ሲጻፍ ደስ ይለዋል። ማንም ሳይከለክለው እስክሪብቶውን አንስቶ በማስመሪያ አሰመረ። ከዚያ ደብተሩ መዞር ጀመረ፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ቆመ።

መጀመሪያ የደረሰው ሁላችንም ሐጂ የምንለው የወሎ ሰው ዘንድ ነው። ሌክ ስትሪት ላይ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። መነጽሩን አድርጎ ‘ደሴ፣ ሻይ ቤት፣ በሬዲዮ’ ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቀጣዩ ናዝሬት፣ በሬዲዮ አለ። ሌላው ጉለሌ፣ የጎረቤት ሬዲዮ። አንዱ፣ ባቡሩን በጣም የሚወደውና ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሲጮህብኝ የነበረው፣ ደብተሩን ይዞ ሲያልበው ቆየ፤ ለካስ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ‘አጎቴ ነግሮኝ’ ብሎ ጻፈ። ማንም አልሳቀበትም። ጸሐፊው ራሱ ከወታደር ካምፕ፣ በሬዲዮ ብሎ አሰፈረ። ዘጠኙ ጻፉ። ዘጠኝ ሰው፣ አንድም ዓይን የለም።

ደብተሩ ሊቀመንበሩ ፊት ሲደርስ እኔ እሱን እያየሁ ነበር። እስክሪብቶውን ያዘና ቶሎ ‘ጥላ ፎቅ’ ብሎ ጻፈ። ከዚያ እጁን አላነሳም። ከላይ ያሉትን ዘጠኝ መስመሮች ከላይ እስከ ታች አነበባቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አሳዘነኝ፤ ደብተሩን ከእጁ ብወስድለት ደስ ባለኝ። እሱ ግን በቀስታ ‘ጥላ ፎቅ’ን ሰረዘና ‘አውቶብስ ተራ፣ በሬዲዮ’ ብሎ ጻፈ። “ሊስትሮ ነበርኩ። መግቢያ አልነበረኝም” አለ፣ ቀና ሳይል።

አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ሐጂ መነጽሩን አወለቀ። “እህቴ፣ አንቺ ያየሽውን አይተሻል። አላየሽም የሚልሽ ካለ ዛሬ አፈረ” አለ። “እኛ ደግሞ የሰማነውን ሰምተናል። ያን ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አልቅሷል፤ ባቡሩ አገባ ብሎ። በሳምንቱ ዘመተ፣ አልተመለሰም። እኔ ያን ሰው ባስታወስኩ ቁጥር የምሰማው ባቡሩን ነው። አሁን ሌላ ስም ብጽፍ እሱን የከዳሁት ይመስለኛል።”

እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። የእነሱ ባቡር በጭቃ ሜዳ ላይ እንዳልሮጠ፣ በየሻይ ቤቱና በየጎረቤቱ ሳሎን እንደሮጠ ያን ጊዜ ገባኝ። ቢገባኝም ልብስ ሰፊውን አሳልፌ አልሰጥም። እሱም ሰው ነበር፤ እሱም የሚያቅፈው ሰው ይገባው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ የጠበቀው ሳቅ ነው።

“ሐጂ፣ ያቀፈዎትን ሰው ማንም አይወስድብዎትም” አልኩት። “ስሙ የጠፋበትን ሰው ጎል ግን እኔ ለማንም አልሰጥም። አባቴ አይቷል፣ እኔ አይቻለሁ፣ አባቴ ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።”

ሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰጥ አለ፤ ጠረጴዛውን ግን አልመታም። ለባቡሩ ዘጠኝ እጅ ወጣ። የሐጂ እጅ መጨረሻ ወጣ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ሊቀመንበሩ እጁን ጠረጴዛው ሥር አድርጎ ድምፀ ተአቅቦ ብላችሁ መዝግቡኝ አለ። ለልብስ ሰፊው አንድ እጅ ወጣ፤ የእኔ። እስኪቆጠር ድረስ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ጽፎ እስኪጨርስም አላወረድኩትም።

ከዚያ ደብተሩ ወደ እኔ መጣ። ጸሐፊው የልዩነት ሐሳቤን በአንድ መስመር እንዳሳጥር ለመነኝ፤ ገጹ ሊያልቅ ነበርና። እሺ አላልኩትም። ገጹን ገለበጥኩና ዝናቡን ጻፍኩ፣ ጭቃውን ጻፍኩ፣ ስንት ሰው እንዳለፈ፣ በየትኛው እግሩ እንደመታ ጻፍኩ። የት ሆና እንዳየች በሚለው ቦታ ‘ከጥላ ፎቅ ትይዩ፣ ከአባቴ ጋር’ አልኩ። በመጨረሻም የልብስ ሰፊውን ሙሉ ስም ከነአባቱ ስም በትልልቅ ፊደል አሰፈርኩ፤ ሌላ ማንም ወረቀት ላይ ጽፎት አያውቅምና። አስሩም ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ስጨርስ ሊቀመንበሩ ደብተሩን ተቀብሎ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው።

ቲሸርቱ ላይ ባቡሩ ይታተማል። ዘጠኝ እጅ ወጥቷል፤ ዘጠና ቢወጣም ያንን ኳስ የመታው ልብስ ሰፊው ነው።