በሰው እጅ የበላሁት

የተመዘንኩት በእህል ሚዛን ነው። የምሠራው ቆቦ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ነው፤ ጆንያ ሲመዘን አጠገቡ ቆሜ ኪሎውን በቀለም ጆንያው ላይ እጽፋለሁ። ያን ቀን ማንም ሳይደርስ ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ልወርድ አስቤ በጠዋት ሄድኩ። ጫኝና አውራጆቹ ግን ቀድመውኝ መጥተው ጥላው ሥር ተጋድመዋል። ልክ ስወጣ አለቃቸው፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉት ሽማግሌ፣ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ።

"ሰማንያ ስድስት!" ብለው ጮኹ። "ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ለመኸር አንድ ኩንታል ትሞላለች!"

"ጋሼ፣ ጫማዬን አላወለቅኩም እኮ።"

"ጫማሽ ከምን ተሠራ? ከወፍጮ ድንጋይ?"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። የተመዘንኩት ግን ለሳቅ አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ጣቴን ወግታ ደሜን አይታ ነበር። "ገና በሽታ አልሆነም፤ በሩ ላይ ግን ቆሟል" አለችኝ። "ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው አለ?" አባቴ አለ። "እንግዲያው ክብደትሽን ቀንሺ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሜ አይሻለሁ።"

አባቴ ጠዋትና ማታ ራሱን በመርፌ ይወጋል። እኛ አገር ቆላ ነው፤ ፍሪጅ ያለው ሰው ፍሪጁን እንደ ቁም ሣጥን ነው የሚገለገልበት፤ መብራት አንድ ቀን ቢኖር ሁለት ቀን የለም። ስለዚህ የአባቴ መድኃኒት እንዳይሞቅ የሚኖረው በማሰሮ ውስጥ ነው። ትልቁ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አለ፣ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ ተቀብሯል፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አሸዋውን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የማረጥበው እኔ ነኝ። ከዚያ ሥራ የበለጠ የምጠላው ነገር የለም። ከጤና ጣቢያ ስመለስ፣ የእኔ ብልቃጥ ከአባቴ ብልቃጥ ጎን ተቀምጦ፣ እኔና እሱ ተራ በተራ ልብሳችንን ገልጠን ስንወጋ ታየኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ነርሷ ብትቆጣኝም ምክሯ ግን ለሰው የሚሆን ነበር። "ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በልክ ብዪ" አለችኝ። "እሑድ ያማረሽን አንድ ነገር ብዪ። አንድ! ራስሽን ሁሉንም ነገር ከከለከልሽ በአሥራ አምስተኛው ቀን ድስቱን ከነክዳኑ ትበይዋለሽ።" ወደድኳት። ድስት ከነክዳኑ መብላት ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት።

እናቴ ግን ምክንያቱን ሳልነግራት ልከሳ ማሰቤን ብቻ ስትሰማ አዘነች። "ሰው ምን ይለኛል? ልጇን በረሃብ ፈጀቻት ይበሉኝ?"

"እማዬ፣ እኔ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሌላው ተሳፋሪ እኮ ይወርዳል።"

"ይውረዳ! ምን አገባሽ?"

እኛ ሰፈር መወፈር ምርቃት ነው። "ወፈርሽ፣ ተስማማሽ" ይሉሻል። የከሳሽ ቀን ግን ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናትሽን ምን ነክቷት ነው ይሏታል።

የጀመርኩት የሁዳዴ ጾም ሲገባ ነው። እግዜር ራሱ ሥራዬን አቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ቀትር ድረስ ምንም የለ። የረሳሁት ከቀትር በኋላ ያለውን ነው። ፓስቲ የጾም ነው። ሳንቡሳ የጾም ነው። ዘይት ውስጥ ሲዋኝ የዋለ ድንች የጾም ነው። ማርማላታ የተቀባ ዳቦማ ጻድቅ ነው። እኔም ከቤተ ክርስቲያን መልስ በንጹሕ ሕሊና ሁሉንም በላኋቸው። ወር ሲሞላኝ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

"ሰማንያ ስምንት" አሉ አለቃው፤ በዚህኛው ጊዜ አልጮኹም። "በጾም ነው ይሄ? እኛስ በረመዳን ትንሽ እንኳ እንከሳለን።"

አጠገባቸው ያለው አውራጅ የአለቃውን ሆድ መታ መታ አደረገ። "ማፍጠሪያው ነው" አሉና አለቃው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ፓስቲውን ተውኩ። ሳንቡሳውን ተውኩ። ከቤት ወደ መጋዘን በባጃጅ መሄድ አቁሜ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመላለስኩ፤ የምበላውንም በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ከፋሲካም በኋላ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልኬን ጠበቅኩ፤ እሑድ አንድ ቦምቦሊኖ ወይ አንድ ለስላሳ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሁለተኛው ወር ሞላ። ሰማንያ ስምንት። ሚዛኑን በእግሬ መታሁት።

"ሚዛኑን አትምቺ፣ እሱ ምን አደረገ?" አሉ አለቃው። "የምትበዪውን ትጽፊያለሽ አይደል? እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበብኩ። "ጠዋት አንድ እንቁላል። ምሳ ግማሽ የማሽላ እንጀራ በጎመን። እራት ግማሽ እንጀራ በምስር፣ አንድ ቃሪያ።"

"ይሄን የበላችው ወፍ ናት" አሉ። "እዚህ የቆመችው ደግሞ ወፍ አይደለችም። ጉርሻውስ የታል?"

"ጉርሻ ይጻፋል እንዴ?"

"ጆንያውን ማን ሞላው ብሎ የሚጠይቅ ሚዛን አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ድረስ ጉርሻ ምግብ መሆኑን አላውቅም ነበር። የበላሁት በራሴ እጅ ያነሳሁት ነው፤ በሰው እጅ የገባው ደግሞ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ምን ኪሎ አለው?

የዚያን ዕለት እራት ላይ ቆጠርኩ። አባቴ በደህናው ጊዜ ከጎብዬ ገበያ ሲመለስ ሥጋ ሳይዝ የማይመጣ ሰው ነበር። ስኳሩ ከያዘው ወዲህ ሐኪም ጮማውንም ጣፋጩንም ስለከለከለው ከትሪው ዳር ዳሩን ነው የሚበላው። እጁ ግን ልማዱን አልተወም። ወደ መሐል ይሄዳል፣ ቅቤ የጠጣውን፣ ሥጋው ያለበትን ይጠቀልላል፣ ወደ ራሱ አፍ ግማሽ መንገድ ይደርሳል፣ ከዚያ ትዝ ይለውና ወደ እኔ ይዞራል።

"በሞቴ" ይላል። እጎርሳለሁ። ሳኝክ አፌን እያየ "ጣፈጠ?" ይለኛል። "ቅቤው አልበዛም? ሥጋው ለስልሷል?" አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። አባቴ በእኔ አፍ ነበር የሚበላው። ይህንን እኮ አውቅ ነበር፤ የማላውቀው ቁጥሩን ነው። ያን ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ አጎረሰኝ።

በማግሥቱ እጁ ሲመጣ አፌን ገጠምኩ። "አይ አባዬ፣ በቃኝ።"

"በሞቴ።"

"አልፈልግም።"

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። ወጡ በእጁ አንጓ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። "የአባትሽን እጅ ትመልሻለሽ?" አለች እናቴ፣ ሰው የገደልኩ ይመስል። አባቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። አራት ቀን ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። የሚለው ሲኖረው በእናቴ በኩል ነበር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ "ለልጅሽ ንገሪያት፣ አሸዋው ደርቋል" ይላታል።

በአምስተኛው ቀን አሸዋውን ሳረጥብ ሊወጋ መጣ። ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ መሸከም አልቻልኩም።

"አባዬ፣ እኔንም ጤና ጣቢያ ወግተውኛል።"

ቀና አለ። "መቼ?"

"ከሁዳዴ በፊት። በሩ ላይ ነው ብለውኛል። ካልቀነስኩ ይገባል።"

ብልቃጡን በእጁ እንደያዘ ማሰሮውን ለረጅም ጊዜ አየው። ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ፤ አባቴ ሲያለቅስ ማየት አልችልም።

"ይሄ ማሰሮ ለሁለት ሰው አይበቃም" አለ በመጨረሻ። ቆይቶ ደግሞ "ማነው እንዲህ ያበላሽ?" አለኝ።

እንደ ደህና ልጅ "ማንም" ማለት ነበረብኝ። "ግማሹን ራሴ፣ ግማሹን አንተ" አልኩት።

"ግማሹን ብቻ? በዚያ ሁሉ ጉርሻ?" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። መርፌውን ወጋ፣ ልብሱን መለሰ፣ እናቴ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ልጅ ማንም እንዳያጎርሳት!" ብሎ አወጀ።

"ማን አጎረሳትና ነው ካንተ በቀር?" አለች እናቴ ከጓዳ።

"እሑድ ግን አንድ ነገር ተፈቅዶልኛል" አልኩት።

"ቦምቦሊኖሽን ተይልኛ" አለ። "አንዱ የእኔ ጉርሻ ይሁን።"

ተስማማን።

ለነርሷ ቀጠሮ የቀረው አንድ ወር ነበር። የበላሁት ያው ነው፤ ጎመን፣ ምስር፣ ግማሽ የማሽላ እንጀራ፣ ከሮቢት የሚመጣ ቲማቲም በሽንኩርት። የተለየው አባቴ በእራት ሰዓት የራሱን ከጨረሰ በኋላ መዳፉን ጭኑ ሥር አስገብቶ ላዩ ላይ መቀመጡ ነው። አንዳንዴ እጁ ሳያውቀው ይወጣል፤ እናቴ በማንኪያ ትመታዋለች። ወሩ ሲሞላ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ ሰማንያ አራት። አለቃው ሁለቴ አነበቡና "ዘረፉሽ እንዴ?" አሉኝ። በሳምንቱ ሁለት ጎረቤቶች እናቴን ሊያጽናኑ መጡ፤ ምን ነክቷት ነው እያሉ።

ነርሷ ጣቴን ወጋች፣ ጠበቀች፣ አነበበች። "ከበሩ ራቅ ብሏል" አለች። "ሄዷል ግን አላልኩሽም። እንዲሁ ቀጥዪ።" ከዚያ የበለጠ አልጠበቅኩም። አባቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ከነገርኩት በኋላ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሲራመድ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ እናቴ የፍየል ጥብስ ሠራች። አባቴ እጁን ሁለቴ ታጠበ። ከትሪው መሐል መጠቅለል ጀመረ። ጠቀለለ፤ ጨመረበት፤ አሁንም ጨመረበት። ሲጨርስ የሠራው ነገር የሕፃን ጭንቅላት ያክላል።

"አባዬ! አንድ ነው የተባባልነው።"

"አንድ ነው" አለ። "ልኩን ማን ተናገረ? በሞቴ።"

አፌን ከፈትኩ። ግማሹን ነከስኩና የቀረውን ከነእጁ ይዤ ወደ ራሱ አፍ መለስኩት። ጓዳውን አየ፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ሆን ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያኝክ አፉን አየሁት።

"ጣፈጠ?" አልኩት።

አሰበበት። "ጨው ይጎድለዋል" አለ።