ዋጋ የማይጠራው ሰው

ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ እጁን እስከ ክርኑ ስንዴ ጆንያ ውስጥ የከተተ ሰው ያየሁት አምበር ገበያ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል፤ መኪናው የገበያው መግቢያ ላይ ጭቃ ስለያዛት በእግሩ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት የእህል ነጋዴ ነበር፤ ይኸው ሦስት ዓመት ደግሞ የምክር ቤት አባል ሆኗል።

"መራጮቼን ላነጋግር መጣሁ" ይበል እንጂ እስካሁን ያነጋገረው ጆንያውን ነው። ከስንዴው ቆንጠር ያደርጋል፣ መዳፉ ላይ ያሻል፣ እፍ ይላል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል።

"ስንት ትይዋለሽ?"

"እርስዎ ይጥሩ" አለች ባለ ስንዴዋ የብርጓል።

"ኧረ ባለቤቷ ጥሪ!"

ቀድሞ ዋጋ መጥራት ለሱ እጅ መስጠት ነው። የብርጓል ግን ሌላ ነገር አነሳችበት።

"ለመሆኑ የዚህን መንገድ ነገር ምክር ቤት ጠየቁልን? ሦስት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ስንጠብቅዎ አንድ ቀን አፍዎን ሲከፍቱ አላየን።"

አላፈረም። ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ጠጋ አላት።

"ቀድመው እስኪናገሩ እየጠበቅኋቸው ነው።"

"እነማን?"

"ሚኒስትሮቹ ናቸዋ! እኔ ቀድሜ ከተናገርሁ እኮ መንገዱን እንደፈለግነው ያውቁብናል።"

የብርጓል እጁን ከጆንያው አወጣችና የጆንያውን አፍ ጥርቅም አድርጋ አሰረች።

"እንግዲያው እኔም እርስዎ እስኪናገሩ አልሸጥም።"

ፊቱ በደስታ በራ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ተከራካሪ አላገኘም መሰለኝ።

ገበያው ሲፈታ ሁለቱም ዝም እንዳሉ ቆመው ነበር። የሱም መኪና ጭቃው ውስጥ እንደቆመች ናት።