ዘመድ አምጣ የተባለው ልብስ ሰፊ

ሰው እያወራው ዓይኑ የላላ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ ስለሚተከል ልብስ ሰፊውን "ጋሽ አዝራር" ይሉታል። በሰፈሩ ያልለካው ወገብ የለም፤ ማን እንደወፈረ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። ቤቱ ግን ሰው ዝር አይልም። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ አንድ ኮት መስቀያ ላይ አለና፣ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ?" ይለዋል። ኮቱ ባይመልስም አይሳደብም።

ያሳደገችው አክስቱ ዕድሜዋን ሙሉ "እናትህ ረስታህ ሄደች" ስትለው ኖራ፣ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እውነቱን ተነፈሰች። እናቱ የትም አልሄደችም። እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ እዚያው አረፈች። ረስታው ነበር ወይ? ይህን አክስቱም አላወቀችም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ አቧራው ራሱ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ጋሽ አዝራር የእናቱን ፋይል ሊጠይቅ የልደት ወረቀቱን ዘረጋ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

"ወረቀትማ ወረቀት ነው። ልጇ መሆንዎን ሁለት ዘመድ ይመስክርልዎት።"

"የኔ እህት፣ ዘመድ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?"

"ደንቡ ነው፣ አባቴ።"

ሁለት ሳምንት ዘመድ አሰሰ። ስልኩ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ግማሹ የክር ነጋዴ፣ ግማሹ የሟች ነው። በመጨረሻ በአጥር በር ጩኸት ሰበብ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈውን ጎረቤቱን፣ ጡረተኛውን ሹፌር፣ አንኳኳ።

"ምን ፈለግህ?"

"መስክርልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ። የምታውቀውን።"

ሹፌሩ ጸሐፊዋ ፊት ቆሞ፣ ማንም ሳያዘው ቀኝ እጁን አነሳ።

"እናቱን አላውቃትም። እሱን ግን በግድግዳ እሰማዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በሩን ያንኳኳ የለም። የሚያወራው ከኮት ጋር ነው። ዘመድ ቢኖረው እኔን ይለምን ነበር?"

ጋሽ አዝራር ጫማውን አየ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች። "ሁለተኛዋ እኔ ልሁን" አለችና ፈረመች።

ፋይሉ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ክብደት፣ መድኃኒት፣ ክብደት። ከዚያ በነርስ እጅ ጽሑፍ፦ "ይዛው የገባችውን የልጅ ሹራብ ተርትራ እንደገና ሠራችው። ልጄ አድጓል አለች።" በዓመቱ፦ "ተረተረችው። ክር ጨመርንላት።" እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የመጨረሻው፦ "ዘንድሮ ትከሻው አርባ አምስት ሴንቲ ሳይሆን አይቀርም አለች።" ከሥሩ የሟች ንብረት፦ "የአዋቂ ወንድ ሹራብ፣ አንድ። ወሳጅ የለም።"

ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀው።

"ረስታሃለች?"

"አልረሳችም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?"

"የሞተችበት ዓመት ከዚህ ሁለት ፌርማታ ርቄ የሰው ሱሪ አሳጥር ነበር።"

አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፈራቸው ደረሱ። "በል እንግዲህ" ብሎ ሹፌሩ ቤቱ ገባ።

ጋሽ አዝራርም ቤቱ ገብቶ ሜትሩን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ። አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። አርባ ዓመት የሰው ትከሻ ሲለካ የራሱን ለክቶ አያውቅም፤ ከኋላ ሆኖ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል። ሦስቴ ሞከረ። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተቀመጠ።