ጠፍሩ የጾመበት ዓመት

የባለቤቴን ኮርቻ ከግድግዳው ያወረድነው በኅዳር መግቢያ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ልጄ ግን አድጎ፣ በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ሞጣ ላይ ከሚጋልቡት ፈረሰኞች ጋር እጋልባለሁ አለ። በአባቱ ፈረስ፣ በአባቱ ኮርቻ፣ በእኔ አገር። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ቢቸና የመጣሁት በትዳር ነው።

ደስ አለኝ። ፈራሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ በግልቢያው መሐል ወድቆ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያነክስ ነበር። የተበጠሰበት ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። የእኛንም ጠፍር ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ሳየው መሐሉ ሳስቷል፤ ጠርዙም ተሰነጣጥቋል። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። በዚያ ጠፍር አላስቀምጠውም አልኩ።

ልጄ ያን ጊዜ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር። በማግስቱ ከመኪናው ጭነት ማሰሪያ የተረፈ የናይለን ቀበቶ ይዞ መጣ።

"እማዬ፣ ይኼ የስንቱን ገበሬ ጤፍ አስሮ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቷል። እኔን ያቅተዋል?"

እኔም ናይለኑን ወደድኩት። ጎትቼ አየሁት፤ ፍንክች አይልም።

ግን ደንብ አለ። ከቢቸናም ከሞጣም የሚመጡትን ፈረሰኞች ዕቃ ከግልቢያው በፊት የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጉብዝናቸው ከባለቤቴ ጋር ጋልበዋል፤ ቤታቸውም ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ደንቡ አጭር ነው። ያረጀ ዕቃ ይለወጣል፤ የሚለወጠው ግን በዓይነቱ ነው። እንጨቱ በእንጨት፣ ጠፍሩ በጠፍር። አንዱ ሌላው የሌለውን ፈረሱ ላይ አይጭንም።

ናይለኑን ይዤ ሄድኩ። "አያ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ይፍቀዱለት" አልኳቸው።

ቀበቶውን ገለባብጠው አይተው መለሱልኝ። "ጠንካራ ነው። ግን የፈረሱን ሆድ ይልጠዋል። ደግሞስ ዘንድሮ ይኼን ብፈቅድ፣ ከርሞ ሞተር ልግጠምበት የሚል አይመጣም?"

ተመለስኩ። ጾመ ነቢያት ገባ። በጾም በሬ የሚያርድ የለም፤ ትኩስ ቆዳም የለም። ልጄ ከአንድ ኮርቻ ሠሪ ቤት የከረመ ቆዳ አግኝቶ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ አዲስ ጠፍር አወጣ። ማልፋቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ጠፍር የሚለፋው በቅቤ ነው። በእኔ ቤት ደግሞ ጾም ሲገባ የቅቤው ቅል ተከድኖ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፍስክ አይወርድም። ስለዚህ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ዘይትም ቅባት ነው ብዬ ደጋግሜ አሸሁት። መልኩ አማረ፤ አብለጨለጨ።

ገና ሲቃረብ ሽማግሌው ሊያዩት መጡ። ጠፍሩን ይዘው ቢያጥፉት ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ እንጨት።

"በምንድን ነው የቀባሽው?"

"በኑግ፣ አያ። ጾም ስለሆነ…"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ጠፍሩንም አስጾምሽው? ልጄ፣ ጾሙ የታወጀው ለአንቺ ነው እንጂ ለበሬ ቆዳ አይደለም!"

ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ሳቅ" አልኩት። "የምትወድቀው አንተ ነህ።"

ቢሆንም በጾም ቅቤ በእጄ አልነካም አልኳቸው። አልተጫኑኝም። "እንግዲያው እስከ ገና ይቆይ" አሉ። "ትኩስ ቆዳም ያኔ ነው የሚገኝ።"

"ይደርሳል?"

"እጅሽ ካልሰነፈ ይደርሳል።"

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሰፈሩ ሰዎች ለቅርጫ በሬ አርደው ጠበቁን። እኔም መደብ ነበረኝ። ሥጋው ሲመደብ ቀረብ ብዬ፣ የእኔ ሥጋ ይቅርና ከቆዳው በጀርባው በኩል አንድ ጠፍር የሚያወጣ ቍረጡልኝ አልኩ።

የሚመድበው ሰው ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ። "ምነው እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሲፈስክ አንቺ ቆዳ ልትበዪ ነው?"

"ልጄን ያስርልኛል" አልኩ።

ያነከሰው የጎረቤታችን ልጅ አባትም እዚያው ነበር። ቢላዋውን ተቀበለና ከማጅራት እስከ ጭራ፣ ውፍረቱ ሳይጓደል፣ ራሱ ቆረጠልኝ። የሥጋ መደቤንም ሳያጎድሉ ቤቴ ድረስ ላኩልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰው በሰው እንደሚኖር ያን ቀን አየሁ።

ልጄ ፀጉሩን ፍቆ፣ ቆዳውን በሁለት ችካል መካከል ወጠረው። እኔ የከረመውን ቅቤ አወረድኩ። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን እየደገምኩ አሸሁት። መጀመሪያ እንደ ቅርፊት ነበር፤ እምቢ አለኝ። እየቆየ ከመዳፌ ሙቀት ጋር መታዘዝ ጀመረ። ሽማግሌው ደግመው ሲመጡ ጠፍሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። ድምፅ የለም።

"አሁን ፈሰከ" አሉ።

ለጊዮርጊስ ፈረሱ በደብረ ወርቅ በኩል ቀድሞ ሄደ። እኔ በአውቶቡስ ተከተልኩ። ሞጣ ሜዳው ዳር ከእህቴ ጋር ቆምኩ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ኮርቻ እየዞሩ ሲዳስሱ አየኋቸው። አንዱን ጎረምሳ ሲባጎ ደብቆ ስላሰረ ከሰልፉ አወጡት። ልጄ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከፈረሱ ሆድ ሥር ሰደዱ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፈረሶቹ ተለቀቁ። እህቴ "ቀደመ! አይ፣ ተቀደመ!" እያለች ትጮኻለች። እኔ ማን እንደቀደመ አላየሁም። ዓይኔ የፈረሱ ሆድ ላይ ነበር። ሜዳው መጨረሻ ላይ አቧራው ሸፈናቸው። አቧራው ሲገለጥ ልጄ ኮርቻው ላይ ነው።

የቀደመው ሌላ ነበር፤ የሞጣ ልጅ። የእኔ ልጅ ከኋላው ደረሰ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ሮጬ ሄጄ እጄን ከጠፍሩ ሥር አስገባሁ። በላብ ርሷል፤ ይሞቃል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት፤ አንድም ስንጥቅ የለም።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ላይ ነኝ!" አለኝ።

"አየሁህ። ተመስገን።"

ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጣሩ። "አንቺ! ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቅቤ አስነኪው!"

ቢቸና በገባን ማግስት አስነካሁት።