ሳልቀምስ የሸጥኩት ቆጮ

ያንን ቆጮ መሸጤ አክስቴን አሳጥቶኛል።

ዛሬ፣ በሰው አገር በምኖርበት በካሩዥ ከተማ ገበያ ላይ አንዲት ቬትናማዊት ሴትዮ የሙዝ ቅጠል ፈትታ፣ «የገጠራችን ምግብ ነው» ብላ የተብላላ ሩዝ ስታቀምሰኝ፣ ኮምጣጣው ሽታ መርካቶ ወሰደኝ።

ጎረምሳ ሆኜ እዚያ ካልሲ እሸጥ ነበር። አክስቴ ከጉራጌ አገር በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ተሸክማ መጣች።

«አንተ ከቤት የወጣህ ዕለት ጉድጓድ የከተትኩት ነው፣ ልጄ። ለማንም አልከፈትኩትም» አለችኝ።

የቆየ ቆጮ ላይ ክትፎ ቤቶች ይሻማሉ፤ ፊቷን እንዳዞረች ሸጥኩት። ስትመለስ ነገርኳት፤ በብልጠቴ የምትኮራ መስሎኝ።

«ሳትቀምሰው?» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ዳግም ደጄን አልረገጠችም።

የሴትዮዋን ሩዝ ጨረስኩት። ጥሩ ነው፤ ቆጮ ግን አይደለም። አክስቴ ሞታለች። ያንን ቆጮ አልቀመስኩትም።